የግብር ጭማሪ፣ የደመወዝተኛው ገቢና የጡረተኛው አበል በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ግብር የሚጨምረው በአዋጅ ብቻ አይደለም። የደመወዝ ግብር መደቦች ለዓመታት ባሉበት ቆመው ደመወዝና ዋጋ ሲንርም ግብር ይጨምራል፤ ምክር ቤት ሳይወያይበት፣ ነጋሪት ጋዜጣ ላይም ሳይወጣ። ሌላው መንገድ በዕቃና በአገልግሎት ዋጋ ውስጥ ተካቶ የሚከፈለው ታክስ ነው፤ ዋነኛው ተጨማሪ እሴት ታክስ ወይም ቫት ነው። ደመወዝተኛው በሁለቱም በኩል ይከፍላል። የጡረተኛው አበል የገቢ ግብር አይቆረጥበትም፤ ቫቱ ግን ገበያ ላይ ይጠብቀዋል፤ የሚመለስለትም ነገር የለም።

የደመወዝ ግብር

አዋጅ ቁጥር 286/1994 በወር እስከ 150 ብር ያለውን ደመወዝ ከግብር ነፃ አድርጎ፣ ከ5,000 ብር በላይ ባለው ላይ 35 በመቶ ጣለ። አዋጅ ቁጥር 979/2008 ነፃውን ገቢ ወደ 600፣ የ35 በመቶውን መነሻ ወደ 10,900 ብር ከፍ አደረገ። በሐምሌ 2017 የጸደቀው ማሻሻያ፣ አዋጅ ቁጥር 1395/2017፣ ነፃውን 2,000 ብር አደረሰው። የ10 በመቶው መደብ ቀርቶ ማስከፈያው ከ15 በመቶ ይጀምራል፤ 35 በመቶ የሚቆረጠውም ከ14,000 ብር በላይ ባለው ላይ ሆኗል።

በብር ቁጥር ሲታይ እርከኑ ሁሉ ወደ ላይ ወጥቷል። የብሩ የመግዛት አቅም ሲታሰብ ግን ነገሩ ይገለበጣል። በ1994 ዓ.ም. አንድ ዶላር በስምንት ብር ተኩል ግድም ይመነዘር ስለነበር፣ 35 በመቶ የሚጀምረው ወደ 590 ዶላር ከሚጠጋ ደመወዝ ላይ ነበር። በ2008 መነሻው ወደ 500 ዶላር ወረደ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ በወጣው የ2017 አዋጅ ደግሞ 14,000 ብር ከ100 ዶላር ብዙም አይርቅም። ዶላር ለሽሮና ለበርበሬ ዋጋ ጥሩ መለኪያ አይደለም፤ ከውጭ ለሚገባው ዘይት፣ መድኃኒትና ነዳጅ ግን ነው። ቀድሞ ለደህና ተከፋዮች ብቻ የታሰበው መጣኔ ዛሬ መካከለኛውን ደመወዝተኛ ይነካል።

ማሻሻያው ምንም አላቃለለም ማለት አይደለም። 5,000 ብር የሚከፈለው ሰው በቀድሞው ስሌት 697 ብር ከ50 ሳንቲም ይቆረጥበት ነበር፤ አሁን 500 ብር ነው። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን የደመወዝ ግብር እንዲቀንስ ለዓመታት ሲጠይቅ ቆይቷል፤ ቅናሹ ዘግይቶ መጣ፤ የመጣውም ዋጋ እጥፍ ድርብ ከሆነ በኋላ ነው።

ጉዳዩ ጎልቶ የሚታየው ዝቅተኛ ተከፋዩ ላይ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ 1,100 ብር በነበረበት ጊዜ፣ ነፃው 600 ብር ከደመወዙ ግማሹን ይበልጥ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ዝቅተኛው 4,760፣ በመስከረም 2018 ደግሞ 6,000 ብር ሲሆን፣ ነፃው 2,000 ብር አንድ ሦስተኛው ብቻ ሆነ። የ6,000 ብሩ ሠራተኛ 700 ብር ግብርና 420 ብር የጡረታ መዋጮ ተቆርጦበት 4,880 ብር እጁ ይገባል። የደመወዝ ጭማሪው በወረቀት 1,240 ብር ነው፤ ቤት የሚደርሰው 905 ብር ገደማ ነው። ግብሩ የሚሰላው የጡረታው 7 በመቶ ሳይቀነስ ከጠቅላላ ደመወዙ ላይ በመሆኑ፣ ሠራተኛው ገና ላላገኘው የጡረታ ገንዘብም ዛሬ ግብር ይከፍላል።

ቫት

ቫት በአዋጅ ቁጥር 285/1994 ተደንግጎ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በ15 በመቶ ተግባር ላይ ዋለ። በአዋጅ ቁጥር 1341/2016 ሲተካም መጣኔው አልተነካም። የተለወጠው ታክሱ የሚያርፍበት ነገር ነው፤ ቀድሞ ነፃ የነበሩት መብራትና ውሃ ከተወሰነ ፍጆታ በላይ ታክስ እንዲከፈልባቸው ተደረገ። መጣኔውን ሳይነኩ የሚከፈልበትን ማብዛትም ጭማሪ ነው፤ የቤተሰብ ወጪ ላይ ያለው ውጤት አንድ ነው።

ለመኖሪያ ቤት መብራት የተቀመጠው ነፃ ፍጆታ በወር 200 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ሐሳቡ አነስተኛ ተጠቃሚውን ለመከላከል ነው፤ ችግሩ የሚቆጠረው ሰው ሳይሆን ቆጣሪ መሆኑ ነው። በአዲስ አበባ አንድ ግቢ ውስጥ ባለቤቱና ሁለት ሦስት ተከራዮች በአንድ ቆጣሪ መገልገላቸው የተለመደ ነው። የእንጀራ ምጣድ ብቻውን ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። እያንዳንዱ ቤት በሳምንት ሁለት ጊዜ ሲጋግር፣ ለየብቻ ከነፃው መጠን በታች የሆኑት ቤተሰቦች ተደምረው ይሻገሩታል። ሒሳቡ ሲከፋፈል ቫቱም አብሮ ይከፋፈላል፤ በአብዛኛው ለተከራዩ።

ለቫት ያልተመዘገበ የሰፈር ሱቅ ደረሰኙ ላይ ታክስ አይጽፍም። ይህ ግን ደንበኛው ታክስ አልከፈለም ማለት አይደለም። ባለሱቁ ሳሙናውን ከጅምላ ነጋዴ ከነቫቱ ገዝቶታል፤ ተመላሽ የመጠየቅ መብትም ስለሌለው ከዋጋው ጋር አዋህዶ ይሸጠዋል።

ጡረተኛው

የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ በአዋጅ ቁጥር 209/1955 ሥርዓት የያዘ ሲሆን፣ የግል ድርጅት ሠራተኞች በሕግ የታቀፉት ግን በ2003 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 715/2003 ነው። አሁን የሚሠራባቸው አዋጅ ቁጥር 1267/2014 እና 1268/2014 ናቸው። በሲቪል አገልግሎትና በግል ድርጅት መዋጮው 18 በመቶ ነው፤ 7 ከሠራተኛው፣ 11 ከአሠሪው። መደበኛው የመውጫ ዕድሜ 60 ዓመት ነው።

አበሉ የሚሰላው ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው። ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት አገልግሎት 30 በመቶ ይያዛል፤ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይታከላል፤ ከ70 በመቶ አያልፍም። 30 ዓመት አገልግሎ አማካይ ደመወዙ 5,000 ብር የሆነ ሠራተኛ 55 በመቶ፣ ማለትም 2,750 ብር ያገኛል። ግብርም መዋጮም ስለማይቆረጥበት፣ በቀድሞው ስሌት እጁ ይገባ ከነበረው 3,952 ብር ጋር ሲነጻጸር ቅነሳው ከሚፈራው ያነሰ ነው። በመጀመሪያው ወር፣ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ነው ከባዱ። አበሉ ከዋጋ ንረት ጋር በራሱ እየተስተካከለ የሚሄድበት ሥርዓት የለም፤ የሚያድገው መንግሥት ማስተካከያ ሲወስን ነው። የሦስት ዓመቱ አማካይም የራሱ ጣጣ አለው። ደመወዝ በተጨመረ ማግሥት የወጣ ሰው አበሉ በአብዛኛው በአሮጌው ደመወዝ ይታሰባል፤ ሦስት ዓመት ቆይቶ የወጣው ባልደረባው ሙሉውን ያገኛል። ሁለቱም ገበያ ሲወጡ የሚጠየቁት ዋጋ አንድ ነው።

የ2017ቱ የግብር ቅናሽ ለጡረተኛው አንዲት ሳንቲም አልጨመረለትም፤ ከማይከፍለው ግብር ምን ይቀነስለታል? የቫቱን መስፋፋት ግን እኩል ይሸከማል። ከ2,750 ብሩ 1,000 ብሩን ታክስ ያለባቸው ዕቃዎች ላይ ካዋለ፣ ወደ 130 ብር የሚጠጋው ቫት ነው። ጡረተኛ ደግሞ ብቻውን የሚኖርበት ቤት ጥቂት ነው፤ ሥራ ያላገኘ ልጅ፣ የሚማር የልጅ ልጅ አብሮ ይበላል። ሞቶም አበሉ ይቀጥላል፤ ለትዳር ጓደኛ ግማሹ፣ ለእያንዳንዱ አካለ መጠን ላልደረሰ ልጅ 20 በመቶ።

በብሪታንያ ነገሩ በተቃራኒው ሄዷል። እዚያ የመንግሥት ጡረታ በየዓመቱ ከዋጋ ንረት፣ ከደመወዝ ዕድገትና ከ2.5 በመቶ ከሚበልጠው ጋር ያድጋል፤ አበሉ ግን ግብር የሚከፈልበት ገቢ ነው። ከግብር ነፃ የሆነው ገቢ ከእ.ኤ.አ. 2021 ጀምሮ በዓመት 12,570 ፓውንድ ላይ ቆሟል። የእ.ኤ.አ. 2025/26 ሙሉ አዲሱ የመንግሥት ጡረታ በሳምንት 230.25፣ በዓመት ወደ 11,970 ፓውንድ ስለሆነ፣ ትንሽ የግል ጡረታ ያላቸው አረጋውያን ግብር ከፋይ ይሆናሉ። በለንደን ለዓመታት ሠርተው ጡረታ የወጡ ኢትዮጵያውያንም ከዚሁ ስሌት አያመልጡም።

የንብረት ታክስ

በጥር 2017 የተወካዮች ምክር ቤት የንብረት ታክስ አዋጅን አጽድቋል። በከተማ ነዋሪው ዘንድ የቤት ታክስ በተለምዶ “የጣራና ግድግዳ” ይባላል። ይህ ታክስ የሚጣለው በገቢ ላይ ሳይሆን በቦታና በቤት ዋጋ ላይ በመሆኑ፣ ጡረተኛው ከገቢ ግብር ነፃ መሆኑ እዚህ አይረዳውም። ከአርባ ዓመት በፊት በትንሽ ገንዘብ የሠራት ቤት ዛሬ ሚሊዮኖች ታወጣ ይሆናል፤ ሳይሸጣት ወይም ሳያከራያት ግን በወር የምታስገባለት ነገር የለም፤ ታክሱም የሚከፈለው ከዚያችው አበል ነው።