ሞፈርና ቀንበር፦ ከጥማድ ወደ ካሬ ሜትር

እንጨት፣ ብረት፣ ጠፍር
20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ
መካነ ሰላም አካባቢ፣ ቦረና፣ ደቡብ ወሎ

ቀንበሩ ከሞፈሩ ጋር በምራን ይታሰራል፤ ገበሬው እርፉን ይዞ ይመራል። የብረት ማረሻው አፈሩን ይሰነጥቃል እንጂ አይገለብጠውም፤ ሁለቱ ድግሮች ወደ ግራና ቀኝ ይገፉታል። በዚህ ምክንያት የጤፍ ማሳ ደጋግሞ፣ አቅጣጫ እየተቀያየረ ይታረሳል።

አንድ ጥማድ በሬ በቀን የሚያርሰው መሬት፣ ሩብ ሄክታር ገደማ፣ ራሱ «ጥማድ» ተብሎ የመሬት መለኪያ ሆኗል። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታ የመንግሥት ሲያደርግ፣ ለአንድ ቤተሰብ መኖሪያ ቤት የሚሰጠውን ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ወሰነ። በዚህ ጣሪያ ሲሸነሸን፣ ከተማ የደረሰበት የአንድ ጥማድ እርሻ፣ መንገዱ ሳይቆጠር፣ አምስት ግቢ ይወጣዋል።