የመኪናው እውነተኛ ዕድሜ ስንት ነው?

ለቡ መብራት ኃይል አካባቢም ሆነ በሌላው የከተማችን ክፍል ያገለገለ መኪና ሊገዛ የወጣ ሰው «የስንት ነው?» ብሎ ጠይቆ «የ2007» ቢባል፣ ጥያቄው ገና አልተመለሰለትም። 2007 በእኛ አቆጣጠር ከሆነ እ.ኤ.አ. 2014 ወይም 2015 ነው። በፈረንጆቹ ከሆነ ግን በእኛ 1999 ወይም 2000 ዓ.ም. ይሆናል። የሰባት፣ የስምንት ዓመት ልዩነት ማለት ነው።

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። በኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 መሠረት ወደ አገር የሚገባ ያገለገለ መኪና ዕድሜው በገፋ ቁጥር ታክሱ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉም ገዢውን ቀድመው በገቡት ላይ አተኩሮ እንዲገበያይ አድርጎታል።

ሰሌዳው መኪናው መቼ እንደተመዘገበ እንጂ መቼ እንደተሠራ አይነግርም። በሊብሬው ላይ የሰፈረው ዘመንም ቢሆን ከሻንሲ ቁጥሩ ጋር መመሳከር አለበት። የሻንሲ ቁጥሩ 17 ፊደልና አኃዝ ያለው ከሆነ 10ኛውን ይመልከቱ። ለአሜሪካ ገበያ በተሠሩ መኪኖች ይህ የሞዴል ዓመት ነው። «ዋይ» 2000፣ ከ1 እስከ 9 ያሉት ከ2001 እስከ 2009፣ «ኤ» 2010፣ «ቢ» 2011 እያለ ይቀጥላል። ፊደሉ በየ30 ዓመቱ ስለሚደገም «ኤ» 1980ም ሊሆን ይችላል። የ2005 ሞዴል በ2004 መጨረሻ ተሠርቶ ሊሆን እንደሚችልም አይዘንጉ። ለአውሮፓ በተሠሩት ግን 10ኛው ቦታ ዓመት እንዲናገር ግዴታ የለበትም፤ ዜሮ ካገኙ ምንም አልነገረዎትም።

ለጃፓን ገበያ የተሠሩት ደግሞ አጠር ያለ ቁጥር ነው ያላቸው። ዓመቱ በውስጡ ባይጻፍም ትውልዱ ይታወቃል። ለምሳሌ «ኤስሲፒ10» ብሎ የሚጀምረው የመጀመሪያው ትውልድ ቪትዝ ጃፓን ውስጥ የተሸጠው እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2005 ነው። እንዲህ ያለውን መኪና «የ2008 ነው» የሚል ሻጭ ቢያጋጥምዎ ማብራሪያ ይጠይቁት። ወሩን ለማወቅ ቁጥሩን ይዞ የአምራቹን የመለዋወጫ ካታሎግ ማየት ይቻላል።

ከዚህ በተጨማሪ የመኪናው አካላት ራሳቸው ይመሰክራሉ። በመቀመጫ ቀበቶው ሥር በተሰፋው ጨርቅ ላይ የተሠራበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ ይገኛል። በሞተሩ ክፍል ያሉ ፕላስቲኮች ላይም ቀስቱ ወሩን፣ መሐሉ ዓመቱን የሚያሳይ ክብ ምልክት ይታያል። ጎማው ላይ 2307 የሚል ካለ በ2007 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው፤ ጎማ ግን ስለሚቀየር ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የመስታወቶቹ ምልክት እርስ በርሱ ካልተስማማም አንዱ ተቀይሯል። አንድ ምልክት ሊያሳስት ይችላል፤ ሦስትና አራቱ ከተስማሙ ግን ማመን ይቻላል።

በመጨረሻም ያገኙትን በውሉ ላይ ያስፍሩ። ውልና ማስረጃ ከመሄድዎ በፊት ሙሉው የሻንሲ ቁጥርና የተሠራበት ዓመት፣ የማን አቆጣጠር እንደሆነ ተገልጾ፣ በውሉ ውስጥ መግባቱን ያረጋግጡ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 1704 በተንኮል የተታለለ ወገን ውሉ እንዲፈርስ መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። የጊዜ ገደቡ በአንቀጽ 1810 የተቀመጠው ሁለት ዓመት ነው። ሆኖም «የ2007 ነው ብሎኝ ነበር» የሚል የቃል ክርክር ፍርድ ቤት ፊት አቅሙ ደካማ ነው። የትኛው 2007 እንደሆነ በጽሑፍ የያዘ ገዢ ግን የሚያስረዳበት ነገር አለው።