ሰፈርን በእግር ማንበብ፦ ስለ ዶሮ ማነቂያና ስለ መንገድ ነገራ

«ሰፈረ» የሚለው ግስ በአማርኛ ሁለት ፍች አለው። ሠራዊት ድንኳኑን ተክሎ ሲቀመጥ ሰፈረ ይባላል፤ እህል በቁና ሲለካም ተሰፈረ ይባላል። በዚህ አጭር ጽሑፍ የማነሣው ሐሳብ ሁለቱንም ፍች ይነካል። ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ በኖርኩባቸው ዓመታት ሰፈሬን የለካሁት በእግሬ ነው፤ ያወቅሁትም ነዋሪው መንገድ ሲነግር ከሚጠቀምበት ቃል ነው። ይህ መንገድ ነገራ ራሱን የቻለ የሥነ ቃል ዘርፍ ነው ብዬ አምናለሁ። ሰፈሩ በ2016 ዓ.ም. ፈርሷል፤ ነገራው ግን ገና በሰው አፍ ላይ አለ። የጽሑፉ ዓላማ ሳይጠፋ እንዲሰበሰብ ማሳሰብ ነው።

በቅድሚያ ስለ ቦታው ታሪክ ጥቂት ልበል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር አቀማመጧ የጦር ሰፈር አቀማመጥ ነበር። መኳንንቱ እያንዳንዳቸው በተሰጣቸው ቦታ ከነተከታዮቻቸው ሰፈሩ፤ በመካከላቸው ያለው ወንዝና ገደል ባዶ ቀረ። የሰፈሮቹ ስሞች ይህን ታሪክ እስከ ዛሬ ይዘዋል። ራስ መኮንንና ደጃች ውቤ የሚሉት የመኳንንቱን ስም፣ ሠራተኛ ሰፈር የነዋሪዎቹን ሙያ ይናገራሉ። እሪ በከንቱ ደግሞ ቀማኛ የሚያደባበት፣ ቢጮኹ ደራሽ የማይገኝበት ስፍራ ነበር ይባላል። ዶሮ ማነቂያም ከስሙ እንደሚታየው ከዚሁ ወገን ነው። እንዲህ ያሉትን ስሞች ያወጣቸው አላፊ አግዳሚው እንጂ ሹም አይደለም።

እነዚህን የተራራቁ ሰፈሮች ያገናኛቸው ገበያ ነበር። በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይቆም በነበረው የአራዳ ገበያ ዙሪያ የአርመን፣ የግሪክና የሕንድ ነጋዴዎች ሱቅ ከፈቱ። የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል ከዚያው ብዙም ሳይርቅ ተሠራ፤ በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅርም ቤቱ እዚያው አካባቢ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት፣ ገበያው ወደ ምዕራብ ተወስዶ የዛሬው መርካቶ ተመሠረተ፤ አራዳም ፒያሳ የሚል የጣሊያንኛ ስም ተደረበለት። ይሁን እንጂ ገበያው ሲሄድ ቃሉ አብሮት አልሄደም። «አራዳ» ከቦታ ስምነት አልፎ የከተማን ነገር የሚያውቅ፣ በቀላሉ የማይታለል ሰው መጠሪያ ሆነ። ቦታ ቢለወጥም ቃል ቦታውን ይዞ እንደሚቆይ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል።

ከዶሮ ማነቂያ ስድስት ኪሎ ድረስ የምሄደው በእግሬ ነበር። ቁልቁል ወደ ራስ መኮንን ድልድይ እወርዳለሁ፤ ከዚያ በአፍንጮ በር በኩል ዳገቱን እወጣለሁ። ታክሲ ባጣም አልቸገርም። ዳቦው፣ ወፍጮው፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ መስጊዱ፣ ሲኒማው፣ ወርቅ ቤቱ ሁሉም በእግር ይደረስባቸው ነበር። ሰላምታው ግን ከመንገዱ ይበልጥ ይረዝማል፤ ግማሽ ሰዓት የሚበቃውን መንገድ አንድ ሰዓት የፈጀሁበት ቀን ብዙ ነው።

እንግዳ ሰው ቤት ሲያፈላልግ የሚሰጠው መልስ ይህን ይመስል ነበር። «ከሲኒማ ኢትዮጵያ በስተጀርባ ውረድ፤ ቧንቧዋ ጋ ስትደርስ ወደ ግራ ታጠፍ፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማታሳልፍ መንገድ አለች፤ የድሮው ዳቦ ቤት ጋ ስትደርስ እትዬን ብለህ ተጣራ።» በዚህ ነገራ ውስጥ ቁጥር የለም። መለኪያው የሰው ትከሻ ነው፤ ማረፊያው የሰው ስም ነው። ከሁሉ ይበልጥ የሚያስገርመው ግን ዳቦ ቤቱ ነው። እኔ ሰፈሩ ከመግባቴ በፊት ተዘግቶ ነበር፤ ሆኖም መንገድ የሚነገረው በእሱ ነበር። ሕፃናቱ እንኳ፣ የዳቦውን ሽታ ጨርሶ የማያውቁት፣ «የድሮው ዳቦ ቤት» ይሉ ነበር። ስለዚህ መንገድ ነገራ ያለውን ብቻ የሚያሳይ አይደለም፤ የሌለውንም ይጠብቃል።

ይህን ስል ግን ያለፈውን ኑሮ ለማሳመር አይደለም። ቤታችን የቀበሌ ቤት ነበር። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች በ1967 ዓ.ም. አዋጅ የመንግሥት ከሆኑ ወዲህ ኪራዩ ረከሰ፤ ጣራውን የሚያድስ ግን ጠፋ። ተከራዩ «የኔ አይደለም» ይላል፤ አከራዩ ከሚሰበስበው ጥቂት ብር ለጥገና የሚተርፍ አያገኝም። በክረምት ከጣራው ሥር የምንደረድረውን ባልዲ፣ ለብዙ አባወራ አንድ የሆነውን መጸዳጃ ቤት ያየ ሰው፣ ሰፈሩ እንዳለ ይቆይ ነበር ብሎ በቀላሉ አይፈርድም። በከተማዋ ዳርቻ በጋራ መኖሪያ ቤት የራሱን በር ዘግቶ ያደረ ጎረቤቴ ደስ ብሎታል፤ ደስታውም እውነተኛ ነው። ችግሩ ግን እድሩ ተበትኗል፤ ቀብር ለመድረስ ሁለት ሦስት ታክሲ መያዝ ግድ ሆኗል።

ከፈረሳው በኋላ የግቢያችንን እትዬ በስልክ አገኘኋቸውና አዲሱ ቤታቸው የት እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ማንንም እንግዳ በቃላቸው እየመሩ ደጁ ያደርሱ የነበሩት ሴት ዝም አሉ። ቀጥለውም «ልጄ፣ ምኑን ምልክት ልበልህ? ወረቀቱን ላምጣና የብሎኩን ቁጥር ላንብብልህ» አሉኝ። ከዚያ ሐሳባቸውን ለወጡና «ተወው፣ እሑድ ጊዮርጊስን ልሳለም መምጣቴ አይቀርም። ቧንቧዋ ጋ ጠብቀኝ» አሉ።

እሑድ ሄድኩ። ቧንቧዋም፣ ዳቦ ቤቱም፣ ጠባቧ መንገድም የሉም። በሜዳው ላይ ወዲያ ወዲህ ስል ቆየሁ። እትዬ ነጠላቸውን ተከናንበው መጡና አንድ ቦታ ላይ ቀጥ ብለው ቆሙ። «ምን ትዞራለህ? እዚህ አይደል እንዴ!» አሉኝ። በዓይን የሚታይ ምልክት አልነበረም። እሳቸው ግን ከትልቁ መንገድ ወዲህ ያለውን እርምጃ ያውቁታል፤ ስንት ዓመት እንስራ አዝለው ተመላልሰውበታል።

የትምህርት ክፍላችን ተማሪዎች ተረት፣ ምሳሌያዊ አነጋገርና እንቆቅልሽ ሲሰበስቡ ኖረዋል። መንገድ ነገራን ግን እንደ ሥነ ቃል ቆጥረን አልሰበሰብነውም። የስም ዝርዝር ብቻ መመዝገብ በቂ አይደለም። ተናጋሪውን «ከቤትዎ ተነሥተው ወፍጮ ቤት እንዴት ይሄዱ ነበር?» ብሎ መጠየቅ፣ ሳያቋርጡ ማዳመጥ፣ የተባለውን እንዳለ መቅዳት፣ ከተቻለም አብሮ ሄዶ መራመድ ያስፈልጋል። ተናጋሪዎቹ በየአቅጣጫው ተበትነዋል፤ አብዛኞቹም አርጅተዋል። ለመመረቂያ ጽሑፉ ርእስ የሚፈልግ ተማሪ ካለ እትዬ ዘንድ እወስደዋለሁ። የብሎኩን ቁጥር ይዤዋለሁ።