ዮሐንስ የሚለው ስም በልዩ ልዩ ልሳናት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ አንድ ሽማግሌ ልጃቸው በባዕድ አገር «ጆን» ተብሎ እንደሚጠራ ሰምተው፣ «ዮሐንስ ብዬ ያስጠመቅሁት ልጄ ስሙን ጣለ» እያሉ እያዘኑ ወደ እኔ መጡ። ለእርሳቸው የመለስሁላቸውን ለእናንተም እነግራችኋለሁ።

ይህ ስም ጥንተ ነገሩ ዕብራይስጥ ሲሆን «ዮሐናን» ይባላል። «ዮ» የእግዚአብሔር ስም ባጭሩ ነው፤ «ሐናን»ም ቸርነት አደረገ፣ ጸጋ ሰጠ ማለት ነው። ሐና የሚለው ስም ከዚሁ ሥር የወጣ ነው። ከሠለስቱ ደቂቅ አንዱ የሆነው ሐናንያም እነዚሁኑ ሁለት ቃላት ይዟል፤ በእርሱ ግን የአምላክ ስም በስተመጨረሻ ይገኛል።

ወንጌል በጽርእ ቋንቋ በተጻፈ ጊዜ ስሙ «ዮአኒስ» ሆነ። ጽርእ የሐ ፊደል ስለሌለው ያ ድምፅ ቀረ፤ በመጨረሻውም ስ ተጨመረበት። ከዚያ ወዲያ ፈረንሳዮች «ዣን»፣ ኢጣልያኖች «ጆቫኒ»፣ ጀርመኖች «ዮሃን»ና «ሃንስ»፣ እንግሊዞች «ጆን»፣ መስኮቦች «ኢቫን» አሉት። የዐረብ ክርስቲያኖችም «ዩሐና» ይሉታል።

የእኛ ግዕዝ ግን ሁለቱን አስተባብሮ ይዟል። በአክሱም ዘመን መጻሕፍት ከጽርእ ወደ ግዕዝ ሲመለሱ ስሙ «ዮሐንስ» ተብሎ ተጻፈ፤ በመጨረሻው ያለው ስ የጽርእ ነው፤ በመካከሉ ያለው ሐ ግን የዕብራይስጡ ነው። ቀድሞ ካሣ ይባሉ የነበሩት ንጉሥ በ1864 ዓ.ም. በአክሱም ሲነግሡ ዮሐንስ አራተኛ ተባሉ፤ በ1881 ዓ.ም. በመተማ ጦርነት እስኪወድቁ ድረስም በዚህ ስም ገዙ። የዓመታችን መባቻ መስከረም 1 ቀንም ቅዱስ ዮሐንስ ይባላል።

ወንጌላዊው ሉቃስ እንደ ጻፈው፣ ዘመዶቹ ሕፃኑን በአባቱ ስም ዘካርያስ ሊሉት ወደዱ። እናቱ እንቢ አለች። አንደበቱ ተይዞ የነበረው አባቱም መልአኩ ያዘዘውን ስም በሰሌዳ ጻፈ፤ ያን ጊዜ አፉ ተከፈተ። እንግዲህ ስሙን የሰጠ እግዚአብሔር ነው፤ የአባትም ድርሻ የታዘዘውን መመስከር ነበረ።

ስለዚህ ሽማግሌውን፣ «አባቴ፣ ልጅዎ ስሙን አልጣለም፤ ስሙ ባሕር ሲሻገር ድምፁን ለወጠ እንጂ። በቤተ ክርስቲያን ዛሬም ዮሐንስ ነው። ነገር ግን ትርጓሜውን ነግረውት ያውቃሉን?» አልኋቸው። ጥቂት ዝም አሉና፣ «አንድ ቀንም አልነገርሁትም» አሉ። ከዚያም ወረቀት ይዘው ተቀመጡ፤ የእግዚአብሔር ቸርነት ማለት መሆኑን ለልጃቸው ጻፉለት።

ወገኖቼ ሆይ፤ የልጆቻችሁን ስም ስትጠሩ ምስጢሩንም አስተምሯቸው። ድምፁን አገርና ቋንቋ ይለውጠዋል፤ ትርጓሜውን ግን የሚያጠፋው የእኛ ዝምታ ነው። ዘካርያስ ጽፎ አንደበቱ እንደ ተፈታ፣ የእኛንም አንደበት ለልጆቻችን ይፍታልን፤ ለዘለዓለሙ፣ አሜን።