ሐብሐቡን ያዳነው የዱባ ሥር

ቲማቲም በአንድ ማሳ ላይ ደጋግማችሁ ተክላችሁ፣ ልክ ፍሬ ሲይዝ ጠውልጎ የደረቀባችሁ አላችሁ አይደል? ይሄ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም።

ጃፓን ውስጥ መሬት ጠባብ ነው። ገበሬዎቹ ሐብሐብን በዚያው ማሳ ላይ ደጋግመው ሲያለሙ፣ ፉዛሪየም የሚባል ፈንገስ አፈሩ ውስጥ እየበዛ በሥር በኩል ገብቶ ያጠወልግባቸው ጀመር። በ1920ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) መላ ተገኘ፤ የሐብሐቡን ችግኝ ቆርጠው በዱባ ችግኝ ጉቶ ላይ ገጠሙት። ያ ፈንገስ ዱባን አያጠቃም። ሥሩ የዱባ፣ ፍሬው የሐብሐብ ሆነ! አቮካዶ ላይ የምታውቁት ግራፍቲንግ ማለት ነው። ኮሪያም ያዘችው። በ1950ዎቹ ደበርጃን፣ በ1960ዎቹ ደግሞ ቲማቲም ተከተሉ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ ግራፍቲንግ ሥሩን እንጂ ዘሩን አይቀይርም። ከፍሬው ዘር ብታስቀሩ ጠንካራው ሥር አብሮ አይመጣም። ስትተክሉም የተገጠመበት ቦታ ከአፈር በላይ ይሁን። ከተቀበረ የላይኛው ክፍል የራሱን ሥር ያወጣል፤ በሽታውም በዚያው ይገባል፤ ድካማችሁ ሁሉ ከንቱ ይቀራል።

ማሳ የሚበቃችሁ ግን በቅድሚያ ሰብል አፈራርቁ። ጃፓኖቹን ወደዚህ መላ የገፋቸው ማፈራረቂያ መሬት ማጣታቸው ነው።