ከወጌሻ እስከ ስፓ፦ የእሽት ሕክምና በእንጦጦ ግርጌ

እሽት ጡንቻን፣ ጅማትንና ቆዳን በእጅ እየተጫኑ፣ እያፍተለተሉና እየሳቡ ሕመምን የማስታገስ ጥበብ ነው። ዛሬ «ማሳጅ» በሚል ስም በአዲስ አበባ ስፓዎች የሚሸጠው አገልግሎት አዲስ ይምሰል እንጂ ልማዱ ከከተማዋ ይቀድማል።

ዳግማዊ ምኒልክ መናገሻቸውን እንጦጦ ላይ በተከሉበት ዘመን፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጠው የተራራው ብርድ ቁርጥማት ላለበት ሰው የሚመች አልነበረም። እቴጌ ጣይቱና መኳንንቱ ወደ ፍልውሃ እየወረዱ ይታጠቡ ነበር፤ በ1879 ዓ.ም. እቴጌይቱ በዚያው አቅራቢያ ቤት አሠርተው ስፍራውን አዲስ አበባ አሉት። ሙቅ ውሃ የተኮማተረ ጡንቻን ያላላል፤ እሽትም ከዚያ በኋላ ይቀላል።

በየቤቱም ሥራው ያለ ስም ይሠራ ነበር። ከመንገድ የገባ እንግዳ እግሩ በለብታ ውሃ ሲታጠብ ተረከዙና ባቱ አብሮ ይታሻል። ጨቅላ ሕፃን ገላው ታጥቦ ቅቤ ይቀባል፤ እጅና እግሩም በቀስታ ይፍታታል። ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ለስለስ ባለ እሽት ክብደት በመጨመር እንደሚጠቀሙ የሕክምና ጥናቶች አሳይተዋል። እናቶች ይህን የሚያደርጉት ጥናት ሳይጠብቁ ነው።

የሙያው ባለቤት ግን ወጌሻ ነው። ወለምታ ያሻል፣ ውልቃት ይመልሳል፣ ስብራት ይጠግናል፤ ስሙ ወደ እግር ኳስ ሜዳ ተሻግሮ የቡድን ወጌሻ እስከመባል ደርሷል። ለተጨናነቀ ጡንቻ የወጌሻ እጅ ይጠቅማል። ችግሩ አጥንት ላይ ነው። ስብራትን ለመደገፍ ጠብቆ የታሰረ ቀርከሃ የደም ዝውውርን ዘግቶ እጅና እግርን ለመቆረጥ ሊዳርግ ይችላል፤ ከተጎጂዎቹም ብዙዎቹ ሕፃናት ናቸው። ትኩስ ጉዳትን፣ በተለይ ክርንን፣ በኃይል ማሸት ደግሞ በጡንቻው ውስጥ አጥንት እንዲበቅል ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ ስብራት ከተጠረጠረ ራጅ መቅደም አለበት።

በስፓዎች በብዛት የሚታወቀው የስዊድን እሽት ነው። ስሙ በ1813 እ.ኤ.አ. በስቶክሆልም የአካል ማጎልመሻ ተቋም ከመሠረተው ከፔር ሄንሪክ ሊንግ ጋር ቢያያዝም፣ የማሻሸት፣ የመጭመቅ፣ የመፈተግና የመጠብጠብ ስልቶቹን በማደራጀት የሚመሰገነው የኔዘርላንዱ ሐኪም ዮሐን ጌኦርግ ሜዝገር ነው። ውጥረትን ያላላል፤ ለወገብ ሕመም የሚሰጠው እፎይታ ግን ጊዜያዊ ነው። ጠለቅ ያለው እሽት ከሥር ያሉትን ጡንቻዎች በቀስታና በኃይል ይጫናል። ሺያትሱ የጃፓን ሲሆን ያለ ቅባት፣ ልብስ እንደተለበሰ በአውራ ጣት ይሠራል። የታይላንዱ ኑዋድ ታይ ታሺውን እየለጠጠና እያጠፈ የሚያፍታታ ነው፤ ዩኔስኮ በ2012 ዓ.ም. በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል።

ከአዲስ አበባው ላምበረት ሰፈር በላይ ባለው የየካና የእንጦጦ ዳገት የሚሮጡ አትሌቶች የሚፈልጉት የስፖርት እሽትን ነው። ከሩጫ በፊት ፈጠን፣ ከሩጫ በኋላ ረጋ ብሎ ይሰጣል። ላክቲክ አሲድን ጠርጎ ያወጣል የሚባለው አያስኬድም፤ አሲዱ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ በራሱ ይጠፋል። የሚቀንሰው በማግስቱ የሚመጣውን የጡንቻ ሕመም ነው፤ ለሯጭ ይህም ቀላል አይደለም። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው እንጦጦ ፓርክ ስፓንም ወደዚሁ ተራራ አውጥቶታል።

ትኩሳት፣ የቆዳ ቁስለት ወይም የደም መርጋት ያለበት ሰው መታሸት የለበትም። ከረጅም የአውቶቡስ ጉዞ በኋላ ላምበረት መናኸሪያ የወረደ መንገደኛ አንድ እግሩ ብቻ አብጦ ከሞቀውና ካመመው የረጋ ደም ሊሆን ይችላል፤ ቢታሽ ደሙ ተነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሄድ ስለሚችል በቀጥታ ወደ ሐኪም ቤት ይሂድ።