የእናቴ መስኮት በካሬ

እስቲ ጠጋ በሉ፤ የመስኮት መጋረጃ ያስከፈለኝን ላውጋችሁ። ወሬው ግን ከእናቴ ይጀምራል።

እናቴ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ እስክትገባ ድረስ ዕድሜዋን ሙሉ የኖረችው ግቢ ውስጥ ነው። ግቢ ውስጥ በሩ ተከፍቶ ይውላል፤ ፀሐይ ይገባል፤ ገበናን አጥሩ ይሸፍናል። እዚህ ግን ፊት ለፊት ሌላ ብሎክ ቆሟል። ወዲያ ማዶ በረንዳ ላይ ልብስ የሚያሰጣ ሰው የእኛን ምሳ ያያል። እሷም ወፍራሙን መጋረጃ ጥርቅም አድርጋ፣ በጠራራ ፀሐይ አምፖል አብርታ ሽንኩርት ትከትፋለች። «ብርሃኑንማ እፈልገዋለሁ ልጄ፤ የሰው ዓይን ነው ያስቸገረኝ» አለችኝ አንድ ቀን። አንጀቴን በላችው።

ዜብራ የሚሉትን መጋረጃ ፍለጋ መርካቶ ወረድኩ። ዜብራ ማለት ጥቅጥቅ ያለና ስስ መስመር የሚፈራረቅበት ጨርቅ ነው። ከላይ ካለው ቱቦ ይወርድና የታችኛውን ዘንግ ዞሮ ተመልሶ ይወጣል። ሰንሰለቱን ሳብ ስታደርጉት የፊቱ በኋላው ላይ ይንሸራተታል፤ ስስ ከስስ ሲገጥም ብርሃን ይገባል፣ ጥቅጥቁ ስሱን ሲከድነው ቤቱ ይሸፈናል። ለእናቴ የተሠራ መሰለኝ።

ዋጋው ደግሞ እዚያው ድርብነቱ ውስጥ አለ። የሳሎናችን መስኮት ቁመቱ 140 ሳንቲሜትር ነው፤ ጨርቁ ወርዶ ስለሚመለስ 2 ሜትር ከ80 ይበላል። ከተራው ተጠቅላይ መጋረጃ የሚወደደው ያለ ምክንያት አይደለም። ጨርቁም ከውጭ ነው የሚመጣው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። ባለሱቁን «ጋሼ፣ ይህን ዋጋ ለሳምንት ያቆዩልኝ» ብለው «ልጄ፣ ቃል ገብቼ አላሳፍርሽም» አለኝ። አልተቀየምኩትም።

አሁን ጆሯችሁን ስጡኝ። የሚነገራችሁ የካሬ ዋጋ ነው፤ የምትከፍሉት ግን ሌላ ነው። ሳሎኑ 148 በ140፣ 2.07 ካሬ። ማድ ቤቱ 60 በ80፣ ግማሽ ካሬ እንኳ አይሞላም። የመጸዳጃ ቤቱ 50 በ50፣ ሩብ ካሬ። ሦስቱ ተደምረው 2.80 ናቸው። ሂሳቡ ሲመጣ 4.07 ሆነ! ከአንድ ካሬ ያነሰ ሁሉ እንደ አንድ ካሬ ይታሰባል ለካ። ላዩ ላይ የሚገጠመው የአሉሚኒየም ሽፋንና የገጣሚው እጅ ደግሞ ለብቻ ነው። ትንንሾቹን መስኮቶች ወዲያው ሰረዝኳቸው።

ከሁሉም ያንገበገበኝ ግን ልኬቱ ነው። ወንድሜ የመስኮቱን ወርድ ከላይ ብቻ ለክቶ 148 አለ፤ እኔም ቀብዱን ከፈልኩ። ተሠርቶ ሲመጣ ከላይ ገባ፣ ከታች እንቢ አለ። ልስኑ ወደ ውስጥ ስላበጠ ታች 146 ተኩል ብቻ ነበር። በልክ የተቆረጠ አይመለስም፤ እንደገና ማስቆረጫውን ከኪሴ አወጣሁ። ስለዚህ እባካችሁ፣ ከላይም ከመሃልም ከታችም ለኩ፤ ትንሹን ያዙ። ከተቻለም የሚሠራው ሰው ራሱ መጥቶ ይለካ።

ገጣሚው ልጅ ሲጨርስ የሰንሰለቱን መያዣ ግድግዳው ላይ እንዲያስርልኝ ለመንኩት። የእህቴ ልጅ ገና ሁለት ዓመቷ ነው፤ የተንጠለጠለ ሰንሰለት ደግሞ የሕፃን አንገት ያንቃል። አሜሪካ ውስጥ ተዘጋጅተው ለሚሸጡት የመስኮት መሸፈኛዎች ከ2018 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ገመድ አልባ መሆን ወይም ገመዳቸው ልጅ የማይደርስበት ወይም አጭር መሆን ደንብ የሆነው ለዚህ ነው። መያዣውን ማሰር ሁለት ብሎን ብቻ ነው የሚጠይቀው፤ አትለፉት።

እናቴ ሰንሰለቱን ያዘች። ቀስ አድርጋ ሳበችው። በሳሎኑ ወለል ላይ ብርሃኑ እንደ ነጠላ ጥለት መስመር መስመር ሆኖ ወረደ። ማዶ ያለውን በረንዳ አየች፣ መጋረጃውን አየች፣ ዝም አለች። ከዚያ ተነሥታ አምፖሉን አጠፋች። ማታ ግን አምፖል ከመብራቱ በፊት ጥቅጥቁን ትገጥመዋለች፤ በስሱ በኩል የበራ ቤት ከውጭ ይታያልና።

ለመኝታ ቤቷም ላሠራላት ነበር። እኔው ተውኩት፤ ዜብራ በመስመሮቹ መካከል ብርሃን ያሾልካል፣ እሷ ደግሞ ጨለማ ካልሆነ አትተኛም። ከሳሎኑ የወረደውን ወፍራም መጋረጃ አጥባ፣ በመኝታ ቤቱ ልክ ቆርጣ፣ ጠርዙን በእጇ ሰፍታ ሰቀለችው።